«ሳቢያን ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። የላከልኝ የእህቴ ልጅ ነው። «አቦ አጎቴ፣ እናንተን እኮ ነው የሚሉት» ብሎ ከሥሩ ጽፎበታል። ከፍቼ አነበብኩት። እውነትም እኛን ነው። በወር አንድ እሑድ፣ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ወንበር ይዘን በየሰፈሩ እየዞርን የሰፈር ታሪክ የምናወጋውን።

ጽሑፉን ላላነበበ ባጭሩ ልንገር። ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት የትናንት ከተማ ናት፤ ታሪክ የፈለገ የደንገጎን ተራራ ወጥቶ ሐረር ይሂድ ይላሉ ጸሐፊው። ቅርስ አላት ከተባለም ቪላና ዛፍ ያለው የከዚራ ሰፈርና ባቡር ጣቢያው ይበቃታል። እነ ሳቢያን፣ እነ ገንደ ገራዳ፣ እነ መልካ ጀብዱ ሰው አድሮ የሚወጣባቸው ዳር ሰፈሮች እንጂ ሌላ ነገር የላቸውም። ሽማግሌዎች የሚያወሩት ሰነድ ስለሌለውና እርስ በርሱ ስለሚጋጭ ታሪክ አይባልም። «ማን ቀድሞ መጣ» የሚል ጠብም ይጭራል። ይህ ሁሉ ጊዜ ለወጣቱ ሥራና ለጎርፍ መውረጃ ቢውል ይሻል ነበር። በመጨረሻም ነገሩን «የበርጫ ወግ» ብለው ይዘጉታል።

ጥሩ ተጽፏል። ሁለት ቦታ ላይ ሳልወድ ስቄያለሁ። ግን ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም።

ከባቡሩ ልነሳ። ድሬን ባቡር ወለዳት፤ ልክ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አላስወጣ አለው። ስለዚህ ከተራራው ሥር ቆመ፤ ጣቢያውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና መስመሩ ለዓመታት ከዚህ አልፎ አልሄደም። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሐሉ ድሬ የሐዲዱ መጨረሻ ሆና ኖረች። ከባቡር የወረደ ዕቃ እዚሁ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ወደ ላይ ይወጣል። ከተማዋ ጭነት አውራጅ፣ ጫኝ፣ ደላላ፣ ምግብ ሻጭ፣ አልጋ አከራይ ያፈራችው ያን ጊዜ ነው። እነዚህ ሰዎች ከዚራ ቪላ አልነበራቸውም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። «አዲስ ሐረር» የሚለው ስም የት ሄደ? የዛሬ ልጅ ሰምቶት አያውቅም። የጸናው ድሬዳዋ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ የተሰጠ ስም ይጸናል፤ ስም ባለው ቦታ ላይ የተለጠፈ ስም ግን ይረግፋል። ባቡሩ ሲመጣ እዚህ ከብት የሚያጠጣ፣ ወንዙን የሚሻገር፣ ቦታውን በስሙ የሚጠራ ሰው ነበር ማለት ነው።

ወደ ኋላ እንሂድ ከተባለ ደግሞ በጣም ነው የምንሄደው። ከከተማው በስተደቡብ፣ በእግር የሚደረስበት ኮረብታ ላይ አንድ ዋሻ አለ። ፈረንጆቹ ፖርክ ኤፒክ አሉት፤ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። በ1921 ዓ.ም. ለጥናቱ ዓለም ያስተዋወቁት ቴያር ደ ሻርዳን የሚባሉ ፈረንሳዊ ቄስና ተመራማሪ፣ ከአገራቸው ሰው ከሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ጋር ሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተቆፍሯል። ከዋሻው ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚሆን ቀለም የሚወጣው ቀይ ድንጋይ ተገኝቷል። ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ነው። አስቡት፤ ሰው ከዚህ ተነስቶ ይሄን ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ አምጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ፈጭቶታል። ከ400 በላይ የተበሱ የቀንድ አውጣ ክዳኖችም ወጥተዋል። ራቅ ብሎ ደግሞ ለገ ኦዳ አለ፤ የድንጋይ ላይ ሥዕል ያለበት።

«ታሪክ የፈለገ ሐረር ይሂድ» ለሚለው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ሐረርን እወዳለሁ። ጀጎል ውስጥ ዘመድ አለኝ፤ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ የምገዛውም ከዚያ ነው። ግን የጀጎልን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው። ዋሻው ደግሞ በድሬ ዳርቻ ነው። ከዚራ ውስጥ አይደለም። ጸሐፊው «ዳር» ብለው በናቁት በኩል ነው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። እኔ የሳቢያን ነዋሪ ነኝ። «ሳቢያን ደግሞ ምን ታሪክ አለው? መኝታ ቤት ነው» ሲባል ዝም አልልም።

ማንቆርቆሪያዎን ይክፈቱና ውስጡን ይመልከቱ ጌታዬ። ግድግዳው ላይ የተጋገረ ነጭ ቅርፊት አለ አይደል? ድሬ ውስጥ የሌለበት ቤት የለም። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ምንድነው?» ይላል፤ እኛ ለምደነዋል። ከተማዋ ለዓመታት የጠጣችው በዋናነት የሳቢያን ጉድጓዶችን ውሃ ነው። ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ነው እንዲያ የሚጋግር። ዋሻውን ያወጣው ያው የኖራ ድንጋይ ነው። በጣሊያን ጊዜ የተጀመረውን፣ ለአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ ያመጣውም ያው ድንጋይ ነው። የከዚራ ሰው ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ሳቢያንን እየጠጣ ነበር ማለት ነው።

በአንዱ እሑድ ይህን ስናወራ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ሳቢያን ዛሬ ፎቅ ከበቀለበት ቦታ ላይ ልጅ ሆነው ምን ዓይነት ፍራፍሬ ይሰርቁ እንደነበር ነገሩን። ዘይቱን፣ ሎሚ፣ ብርቱካን። የማን አትክልት ቦታ እንደነበር፣ ዘበኛው በየትኛው እግሩ ያነክስ እንደነበር ሳይቀር። ከፊታችን የተቀመጡት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ስልካቸውን አስቀመጡ። ተከራይተው የሚኖሩበት ግቢ አትክልት ቦታ እንደነበረ ያን ቀን ነው የሰሙት።

የሰፈሮቹን ስም ደግሞ ተራ በተራ ይጥሩ። መጋላ በሶማሊኛ ከተማ ማለት ነው። ከዚራ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ደሴት ማለት። ገንደ በኦሮምኛ መንደር ነው፤ ገንደ ቆሬ፣ ገንደ ገራዳ፣ ገንደ ሚስኪን እያለ ይቀጥላል። መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው። አዲስ ከተማ አማርኛ፣ ነምበር ዋን እንግሊዝኛ። ግሪክ ካምፕ የሚባልም አለን፤ የግሪኮቹ ትዝታ ነው። አንድ ባጃጅ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሲሄድ ረዳት ቢኖረው ኖሮ በአምስት ቋንቋ ነበር የሚጣራው። ይህ እንግዲህ «ታሪክ የሌለው» የተባለው ነው።

በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የሚባለው የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን የተነሳው ከዚችው ከተማ ነው። ዓሊ ቢራ ገና ልጅ ሆኖ ነው የገባበት። ቡድኑ የበቀለው በተራ ሰው ሰፈር፣ በሠርግና በበዓል ነው። ከዚራ ግንቡንና ዛፉን ይያዝ፤ እኔም ከዛፉ ሥር መሄድ ደስ ይለኛል። ሰፈሩ ተሠርቶለት የገባውን ሰው ብቻ እያነሱ የሠራውን መርሳት ግን ልክ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር። ከዚህ ውስጥ ከተማው ውስጥ የተቆጠረው 233,224 ነው። የቀረው ከ100,000 በላይ ሰው በዙሪያው ገጠር ይኖራል። ማለዳ ወተቱን፣ ከሰሉን፣ ማገዶውን ይዞ የሚወርደው እሱ ነው። እሱም የድሬ ሰው ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሽማግሌዎች ይጋጫሉ። ወላሂ ይጋጫሉ! ለገሃሬ በሚለው ስም ላይ አንድ ቀን ሙሉ ተከራክረናል። የባቡር ጡረተኛው «ከፈረንሳይኛው ላ ጋር ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው፤ የአዲስ አበባውን ለገሃር አታዩም?» አሉ። ከጎናቸው የተቀመጡት ሳቁ። «ለገ ወንዝ ነው፣ ሀሬ አህያ ነው። የአህያ ወንዝ ነው። ባቡር ሳይመጣ አህያ ነበረ» አሏቸው። ጡረተኛው ኪሳቸው ገብተው በፈረንሳይኛ የተጻፈ የድሮ የደመወዝ ወረቀት አወጡ፤ ምንም አያረጋግጥም፤ ብቻ አወጡት።

ማን አሸነፈ? እኔ ወደ አህያዋ አደላለሁ። ዋናው ነገር ግን ያን ቀን የወጣው ነው። አንዱ ስለ ባቡር ጣቢያው ሊያስረዳ ብሎ የዎርክሾፑን የሥራ ክፍፍል ዘረዘረ። ሌላው ስለ አህያ ሊያስረዳ ብሎ ገበያተኛው በየትኛው አሸዋ ላይ አህያውን አስሮ ይውል እንደነበር በጣቱ አሳየን። ሁለቱም መጣላታቸው ነው ያናገራቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለን። ተናጋሪ ሲነሳ መጀመሪያ «አይቻለሁ» ወይም «ሰምቻለሁ» ይላል። ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ እንይዛለን። «ሰምቻለሁ» ያለውን ከማን እንደሰማ እንጠይቀዋለን። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ብዙ ጉራ ያስቀራል።

«ሰነድ የሌለው ታሪክ አይደለም» ለሚለው ደግሞ አንድ እናት ምስክር ልጥራ። ስማቸውን አልናገርም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። ታይዋን ገበያን የማያውቅ የለም። ከአዲስ አበባ ሰው ጨርቅና ቴፕ ሊገዛ ይመጣበት የነበረው። ያ ዕቃ በምን መጣ? በባቡር። ማን አመጣው? በአብዛኛው ሴቶች። እኚህ እናት ከጅቡቲ ሲመለሱ አራት ቀሚስ ደርበው ይለብሱ ነበር። በድሬ ሙቀት! ከሥሩ ደግሞ ያልተሰፋ ጨርቅ ወገባቸው ላይ ይጠመጥማሉ። ደወሌ ላይ ፊናንስ፣ ኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪው፣ ይገባል፣ አይሻ ላይ ሌላ ፊናንስ ይገባል። «ወፍረሻል ሲለኝ እርጉዝ ነኝ እለዋለሁ» አሉን። «አምስት ዓመት ሙሉ አረገዝኩ።» ሽንሌ አካባቢ ሲደርሱ የቀረውን ጥቅል በመስኮት ይወረውሩታል፤ የሚያነሳ ልጅ ከታች ይጠብቃል። ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያ ነው። አንደኛዋ ዛሬ ሐኪም ናት።

ይህ በየትኛው ሰነድ ይገኛል? የኮንትሮባንድ ነጋዴ ደረሰኝ አይቆርጥም። የኩባንያው መዝገብ ትኬት የቆረጠውን እንጂ አራት ቀሚስ የደረበውን አይጽፍም። የድሬን ግማሽ ኑሮ ያቆመው ንግድ እንዳይጻፍ ተብሎ የተሠራ ነው። አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ መምጣት ካቆመ ዓመታት ተቆጠሩ። አዲሱ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፤ መስኮቱም ለመወርወር የሚመች አይመስለኝም። እነዚያ ሴቶች ደግሞ እያረጁ ነው። ሦስቱ እኛ ወሬውን ከጀመርን ወዲህ አርፈዋል።

ጠብ ይጭራል ለተባለው ባጭሩ ልመልስ። አዎ፣ አንዴ ሞቅ ብሎ ነበር። የከተማዋን ስም አንስተን ነው። አንዱ ድሬዳዋ በኦሮምኛ የመድኃኒት ሜዳ ማለት ነው አለ። ሌላው የለም፣ በሶማሊኛ ዲር ጦሩን የተከለበት ነው አለ። ድምፅ ከፍ አለ። አንዲት ልጅ ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጣችንን አዞረች። ቀጠልን። ጠቡ እኛ ወንበር ላይ ስላልተነሳ ከከተማው የሚጠፋ ከሆነ እኛም በተውነው። ሳይነሳ ሲቀር ግን ሌላ ቦታ፣ ሆጃ በሌለበት ነው የሚነሳው።

አሁን ወደ ጎርፍ መውረጃው። ጸሐፊው ይህን ነጥብ በአንድ መስመር ነው ያለፉት። እኔ እንደዚያ ማለፍ አልችልም።

ሐምሌ 1998 ለእኛ አካባቢ ሁለት ነገር ያመጣ ወር ነው። በዚያ ወር የሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ዘመዶቻችን ጋ ደውለን እንኳን ደስ አላችሁ አልን። ወሩ ሳይወጣ፣ ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ ደቻቱ መጣ። ድሬ ላይ ያን ያህል አልዘነበም ነበር የሚል ሰው አለ። ዝናቡ የወረደው በብዛት ከላይ፣ ከደጋው ነው። ደቻቱን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው፤ ከተማውን የሚያቋርጥ ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለውም። ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ይነግድበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ያን ሌሊት ግን ሰው እንደተኛ ነው የደረሰበት። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጣ። ጠዋት ላይ ከተማው ዝም ብሎ ነበር። እኔ በሕይወቴ ድሬ እንዲያ ዝም ስትል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደቻቱ ከዚያም በፊት ሞልቶ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ያውቁ ነበር። በሰፈራችን አንድ አባት አሉ፤ ወንዙ ዱሮ በየት በኩል ይዞር እንደነበር፣ የትኛው ግድግዳ ሥር እንደደረሰ፣ የትኛው ቦታ ላይ ከብት እንኳ እንደማይታደርበት ያውቃሉ። ከጎርፉ በኋላ ነው የነገሩን። «ለምን ቀድመው አልነገሩንም?» ብለን ጠየቅናቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ማን ጠየቀኝ ልጄ?» አሉ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ግንብ መሥራት፣ ወንዙን መከተር የባለሙያ ሥራ ነው፤ ጎርፉን የአንድ ሽማግሌ ወሬ ያቆመዋል ብዬም አልከራከርም። ጸሐፊው ግን የሰፈር ታሪክንና የጎርፍ መውረጃን ባላንጣ አደረጓቸው፤ አንዱን ብንተው ሌላው የሚገኝ አስመሰሉ። አሁን ከተማው ወደ ዳር እየሰፋ ነው። ትናንት እርሻና ጫካ የነበረው ዛሬ በካርታ ይሸነሸናል። ያ ቦታ ክረምት ላይ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቀው እዚያ ፍየል ሲያግድ ያደገው ሰው ነው። ቦታ የሚገዛው ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከዐረብ አገር በስልክ ነው የሚገዛው። የሚያገኛኛቸው ነገር ምን አለ? እኛ በበኩላችን ወንበር አለን።

የወጣቱ ሥራ የተባለውም ትክክለኛ ጭንቀት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን በወር አንድ እሑድ፣ ከ10 ሰዓት እስኪጨልም፣ ከማንም ሳንቲም ሳንጠይቅ መቀመጣችን የማንን ሥራ እንደዘጋ አልታየኝም። ወንበሩ የእድር ነው። ሻዩን የሚያፈሉት ተራ የደረሳቸው ናቸው።

በርጫውን በተመለከተ… እዚህ ላይ እጄን እሰጣለሁ። አለ። ከኋላ ረድፍ የሚቅሙ አሉ፤ አንዳንዴም ከፊት ረድፍ። በምርቃና የተወለደ ታሪክም ሰምተናል። አንዱ አያቱ ባቡሩን በእጁ እንዳቆመው ነግሮናል፤ «አይቻለሁ» ብሎ ጀምሮ «ሰምቻለሁ» ላይ ጨረሰ። ከዚህ የባሰው ጥፋታችን ግን ጸሐፊው ያላዩት ነው። አንቀዳም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስናወራ አንድ ነገር አልቀረጽንም። ያረፉት የሦስቱ እናቶች ድምፅ የለንም። «ስልክ እያለ ምን ነካን?» ብዬ ራሴን የምጠይቅበት ሌሊት አለ። አሁን የእህቴ ልጅ ይቀዳል፤ ያ ጽሑፉን የላከልኝ። መጀመሪያ የመጣው ሊያሾፍ ነበር።

የሚቀጥለው ተራ የመልካ ጀብዱ ነው። አሮጌው ሐዲድ አጠገብ ያደጉ ሰዎች ባቡሩ ሲያልፍ ምን ይሸጡ እንደነበር ሊነግሩን ቃል ገብተዋል። ጸሐፊው ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ወንበር ይተርፋል። ከ10 ሰዓት በፊት ብቻ አይምጡ። ጥላ የለም።